ስለ ተያዘ ቦታና ስለ ተሰጠ ቃል

ሰው ለሰው ከሚሰጣቸው ነገሮች ሁሉ ሲሰጡት የሚቀል፣ ሲጠብቁት ግን የሚከብድ ቃል ነው። ገንዘብ ያበደረ ሰው ገንዘቡን ቆጥሮ ይቀበላል፤ እህል ያበደረም በመከር ጊዜ ይመለስለታል። ቃል የሰጠ ሰው ግን የሰጠው ራሱን ስለ ሆነ ቃሉን ባጠፈ ቀን የሚያጣው ራሱን ነው። አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲሉ የልጅን ፍቅር ማቃለላቸው አልነበረም። ቃል የጠፋበት አገር ለልጅም የማይሆን አገር መሆኑን ማስረዳታቸው ነበር እንጂ።

በዚህ ጽሑፍ ለወጣት አንባቢዎች ላስረዳ የፈለግሁት ነገር በመጀመሪያ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም ወደ አንድ የተፈጥሮ ፓርክ ለመሄድ አስቀድሞ ቦታ ስላስያዘ እንግዳ፣ በበሩም ላይ ቆሞ ስለሚቀበለው ወይም ስለሚመልሰው ሠራተኛ ነው። ነገሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ በውስጡ ሦስት ታላላቅ ጥያቄዎች አሉበት። የሁሉ የሆነውን ነገር ለመጠበቅ ሲባል ሰውን መከልከል ይገባልን? የሚገባ ከሆነ ማን ይግባ፣ ማንስ ይከልከል? የሚከለከለውስ ሰው በምን ዓይነት ፊትና በምን ዓይነት ቃል ይከልከል?

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። ተፈጥሮ የሁሉ ናት ማለት ሁሉም በአንድ ቀን ይርገጣት ማለት አይደለም። ምንጭ የመንደሩ ሁሉ ሀብት ቢሆንም መንደርተኛው በሙሉ በአንድ ጊዜ ቢገባበት ይደፈርሳል እንጂ ማንንም አያጠጣም። ስለዚህ ብልህ መንደር ለምንጩ አጥርና ተራ ያበጅለታል። ብሔራዊ ፓርክ የሚባለውም ነገር የመጣው ከዚሁ አሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 አሜሪካኖች የሎውስቶን የተባለውን ምድር ማንም እንዳይሰፍርበትና እንዳይሸጠው ከልለው ለሕዝብ ጥቅምና ደስታ እንዲቆይ በሕግ ወሰኑ። በአገራችንም የአዋሽና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮች እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ታወጁ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት በመጀመሪያ ከጻፋቸው 12 ቦታዎች መካከል የሰሜን ተራሮች ከላሊበላና ከየሎውስቶን ጋር አብረው ተጻፉ። ዋልያ ከእነዚያ ገደሎች በቀር በዱር የሚኖርበት ሌላ ስፍራ በዓለም የለውም። ስለዚህ ከዚያ ቢጠፋ ከየትም አገር ማስመጣት አይቻልም።

ሌሎች አገሮችም እንዲሁ ያደርጋሉ። በሩዋንዳ የእሳተ ገሞራ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተራራ ጎሪላ ለማየት የሚሄዱ ሰዎች ለአንድ የጎሪላ ቤተ ሰብ በቀን ከ8 አይበልጡም፤ በአጠገቡም የሚቆዩት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ምክንያቱም ለእንግዳው ይነገረዋል። ጎሪላ በተፈጥሮው ለሰው የቀረበ ፍጡር ስለ ሆነ የሰው ጉንፋን ወደ እርሱ ተላልፎ ሊገድለው ይችላል። በአሜሪካም የዮሰማይት ብሔራዊ ፓርክ የሰውን ብዛት ለመቀነስ ሲል እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በአንዳንድ ዓመታት፣ ሰው በሚበዛባቸው ቀኖች፣ አስቀድሞ ያላስመዘገበ መኪና እንዳይገባ አድርጓል። እንዲህ ያለው ክልከላ በደል አይደለም። እንዲያውም አፍ ለሌለው ፍጡር ጠበቃ መሆን ነው፤ ገና ላልተወለደውም ልጅ ድርሻውን ማስቀመጥ ነው።

ክልከላ ትክክል የሚሆነው ግን በሁሉ ላይ እኩል ሲወድቅ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የሚነሣውም ከዚህ ላይ ነው። ለመሆኑ ቦታ ማስያዝ ማለት ምንድር ነው? እንግዳው «በዚህ ቀን እመጣለሁ» ይላል፤ ፓርኩም «በዚህ ቀን እቀበልሃለሁ» ይላል። ቀብድ ቢከፈል ቀብዱ ምልክት ነው፤ ነገሩ ራሱ ግን ቃል ነው። የዚህም ቃል ትልቁ ጥቅሙ ሀብታምና ድሃን፣ ሹምና ተራ ሰውን በአንድ ሰልፍ ማቆሙ ነው። ቀድሞ የጠየቀ ቀድሞ ያገኛል። መዝገብ ዓይን የለውምና የሰውን ልብስ አያይም፤ ጆሮም የለውምና የማን ዘመድ እንደ ሆነ አይሰማም። መዝገብ ዓይንና ጆሮ ያበቀለ ቀን ግን መዝገብነቱ ይቀርና የዘመድ ደብተር ይሆናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የደረሰብኝን ልናገር። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ የአንድ ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበብን እረዳ ነበርና፣ ስሙን ወደማልጠቅሰው አንድ ፓርክ አሥራ አንድ ተማሪዎች ይዤ ሄድሁ። ልጆቹ የመንገዱን ገንዘብ ያጠራቀሙት አንዳንዱ የዘመድ ሱቅ በመጠበቅ፣ አንዳንዱም ቆሎ በመሸጥ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ደብዳቤ ጽፈን፣ ቀብድ በባንክ ልከን፣ ሁለት ክፍልና አንድ አስጎብኚ ይዘናል፤ ማኅተም ያለበት መልስም በእጃችን ነበር። ከበሩ የደረስነው ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ጸሐፊው ወረቀቱን አየት አደረገና «ቦታ የለም፤ ሞልቷል» አለ። ማኅተሙን ባሳየው «እሱ ድሮ ነው» አለኝ። እንግዲያስ ቀብዱ ይመለስልን ብዬ ስጠይቀው «ቀብድ አይመለስም፤ ደንብ ነው» ብሎ ፊቱን ወደ ስልኩ መለሰ። በዚህ መካከል አንድ ትልቅ መኪና መጣ። ጸሐፊው ከወንበሩ ብድግ ብሎ ወጣና እጅ ነሥቶ አስገባው። እነዚያ ሰዎች ወረቀት አላሳዩም፤ ስማቸውም በመዝገብ አልተፈለገም። ለእኛ የሞላው ቦታ ለእነርሱ ባዶ ሆኖ ተገኘ።

በበሩ ላይ አንድ ሸምገል ያሉ ዘበኛ ነበሩ። ልጆቹ በፀሐይ መቆማቸውን አይተው ለራሳቸው ካስቀመጡት ጀሪካን ውሃ እየቀዱ አጠጧቸው። ጸሐፊው ይህን ባየ ጊዜ በእድሜ አባቱ የሚሆኑትን ሰው «አንተ! ማን ውሃ አድል አለህ? ሥራህን አትሠራም?» ብሎ በልጆቹ ፊት ጮኸባቸው። ሽማግሌው ምንም ሳይመልሱ ጀሪካናቸውን ከድነው ወደ ኬላው ተመለሱ። የአንድ እግራቸው ጫማ ሶሉ ተላቆ በገመድ ታስሮ ነበር።

ወደ መኪናችን ስንመለስ ከተማሪዎቹ አንዲቱ «ጋሼ፣ እንግዲህ አራዊቱ ቢያልቁስ እኛን ምን ቸገረን?» አለችኝ። ይህን ያለችው ከክበቡ ሁሉ ይልቅ አራዊት የምትወድ፣ የወፎችንም ስም በቃሏ የምታውቅ ልጅ ነበረች። እኔም «ልጄ፣ እኛን የመለሱን አራዊቱ አይደሉም» አልኋት። መልሱ እውነት ነበር፤ ነገር ግን ቁስሏን እንዳላዳነ ከፊቷ አየሁ። ከጠፋብን ቀብድ ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ ነው። ያ ጽሕፈት ቤት በዚያ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ለሌላ ሰጠ፤ በዚያው ሰዓት ግን ለምድሪቱ ልትቆምላት የምትችል አንዲት ጠባቂ አጣ።

ይህ አነጋገር የተጋነነ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር የአገራችንን የቅርብ ታሪክ ያስታውስ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ ሕግ አስከባሪ በጠፋበት ጊዜ፣ በባሌ ተራሮችና በሌሎችም ፓርኮች የጠባቂዎች ቤቶች ፈረሱ፤ ንብረት ተዘረፈ፤ አራዊትም በብዛት ተገደሉ። ያን ያደረገው ሰው ከፊሉ ለጥቅም ያደረገው ነው። ከፊሉ ግን ቂም ነበረበት። በልዩ ልዩ ፓርኮች ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ከአባቶቹ ግጦሽና ውሃ የተከለከለው ሳይጠየቅና ምክንያቱ ሳይነገረው ነበር። የአዋሽ ፓርክ ሲከለል የከረዩ ከብት አርቢዎች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበትን መሬት አጥተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ፓርኩን የሚያውቀው በዘበኛው ዱላና በመቀጫው ደረሰኝ ብቻ ነው። ዘመን ሲገለበጥ ቂሙን ከከልካዩ ሹም ላይ ሊወጣው ባይችል፣ ምንም ካላደረገው ከደጋ አጋዘን ላይ ይወጣዋል።

ከመሬቱ የተነቀለ ሰው በደልና ከበር የተመለሰ ተማሪ ቅሬታ በመጠን አይወዳደሩም። ይህን ማምታታት አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሰሜን ተራሮች የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በሚቀጥለው ዓመትም ፓርኩ ከ1996 ጀምሮ ሰፍሮበት ከነበረው በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ወጣ። ለምድሪቱ ታላቅ ደስታ ነው፤ ነገር ግን ያ ደስታ ከሌሎች ነገሮች ጋር የሰው ቤትም እንደ ተከፈለበት የሚረሳ ጎብኚ ገደሉን ቢያይ እንጂ አገሩን አላየም። ሁለቱ ነገሮች በመጠን ባይተካከሉም ዘራቸው አንድ ነው። «የሁሉ ነው» ተብሎ የተከለለው ነገር በተግባር የጥቂቶች ሆኖ ሲገኝ፣ የተከለከለው ሰው ከምድሪቱ ጋር ይጣላል።

አሁን ደግሞ «ደንብ ነው» ወደሚለው ቃል ልመለስ። ቀብድን የሚመለከት ደንብ በአገራችን ሕግ ውስጥ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን እንደሚያጣ ይናገራል። ነገር ግን ሕጉ በዚህ አያበቃም። ውሉን የሚተወው ቀብድ ተቀባዩ ከሆነ የተቀበለውን አጠፌታ አድርጎ እንዲመልስ ያዝዛል። እንግዲህ ከወንበሩ ሆኖ «ቀብድ አይመለስም» የሚል ሰው የተናገረው የሕጉን ግማሽ ነው። ለራሱ የሚጠቅመውን ግማሽ ይዞ ሌላውን ግማሽ የደበቀ ሰው ደንብ አከበረ አይባልም። ሚዛን በሁለት ወገን ካልተንጠለጠለ ሚዛን አይሆንምና።

«ባለ ሥልጣንና ባለ ገንዘብ ለፓርኩ ስለሚጠቅሙ ቢቀድሙ ምን አለበት?» የሚሉም አሉ። ለእነዚህ መልሴ ይህ ነው። ዋጋና ቃል ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ጎሪላ ለማየት የውጭ አገር እንግዳን 1,500 ዶላር ማስከፈል ጀምራለች። ይህ ለብዙ ሰው የማይደረስበት ዋጋ ነው፤ ሊነቀፍም ይችላል። ነገር ግን ዋጋው በአደባባይ የተነገረ ነው፤ ከዚያው ዓመት ጀምሮም ከፓርኮች የቱሪዝም ገቢ ከመቶው 10 እጅ በዙሪያው ለሚኖረው ሕዝብ እንዲሆን ተወስኗል። ዋጋን በግልጽ ማስወደድ አንድ ነገር ነው። ለአንዱ የተሰጠውን ቃል በስውር ለሌላው መሸጥ ግን ፍጹም ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ድሃው ከቤቱ ሳይወጣ አቅሙን ያውቃል፤ በሁለተኛው ግን በሩ ድረስ መጥቶ ይዋረዳል።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ፊት ነው። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው ተረት ለግብር ቤት ብቻ የተተረተ አይደለም። በልጅነቴ በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የሐዋርያው ያዕቆብን መልእክት ሁለተኛ ምዕራፍ ያስጠኑን ነበር። ሐዋርያው በዚያ የሚወቅሰው የወርቅ ቀለበት ላደረገው ሰው መልካሙን ስፍራ የሚሰጡትን፣ ድሃውን ግን በእግራቸው አጠገብ የሚያስቀምጡትን አማኞች ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ስለ ቤተ ክርስቲያን መቀመጫ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ሰው ሰውን በሚቀበልበት በር ሁሉ፣ በሆስፒታልም ቢሆን፣ በቀበሌም ቢሆን፣ በፓርክም ቢሆን፣ ያው ፈተና ቆሞ ሲጠብቅ አያለሁ።

«ሠራተኛው ምን ያድርግ? ታዝዞ ነው» የሚል ክርክርም ይሰማል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ዘበኛ ደንብ አያወጣም፤ ጸሐፊም የአለቃውን ትእዛዝ ቢሽር እንጀራውን ሊያጣ ይችላል። ነገር ግን በማንኛውም ትእዛዝ ውስጥ ለታዛዡ ብቻ የተተወች አንዲት ጠባብ ግዛት አለች። እርስዋም ቃሉንና ፊቱን የሚመርጥባት ናት። «ቦታችሁ ለሌላ ተሰጥቷል፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ አቤቱታችሁን ለእገሌ አቅርቡ» ለማለት ሥልጣን አያስፈልግም። ለተጠማ ልጅ ውሃ ለመስጠትም ደብዳቤ አይጠየቅም። ትእዛዝ እጅን ሊያስር ይችላል፤ ምላስን ክፉ አያደርግም። ምላስ ክፉ የሚሆነው ባለቤቱ ሲፈቅድለት ነው።

ነገር ግን ሠራተኛውን ብቻ ወቅሶ መሄድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ክብር እንደ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ንቀትም እንዲሁ። አለቃው ጸሐፊውን ከናቀ ጸሐፊው ዘበኛውን ይንቃል፤ ዘበኛውም የሚንቀው ሰው ሲፈልግ ከበሩ ውጭ የቆመውን ድሃ ያገኛል። ያገኘው ንቀት ብቻ ሆኖ ሳለ አክብሮትን ለእንግዳ የሚያካፍል ሰው ካለ፣ ያ ሰው የሚያካፍለው ከመሥሪያ ቤቱ የተሰጠውን ሳይሆን ከራሱ ጎተራ ያለውን ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ይገኛሉ፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤት በእነርሱ ደግነት ተማምኖ ሊተዳደር አይገባውም። የፓርክ ጠባቂነት እንደ ቀላል ሥራ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ስሕተት ነው። በኮንጎ የቪሩንጋ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 በአንድ ቀን ብቻ 12 ጠባቂዎች በታጣቂዎች እጅ ተገድለዋል። ነፍሱን ለምድሪቱ እንዲሰጥ የሚጠየቅን ሰው ጫማ መንፈግ፣ በሰውም ፊት ማዋረድ፣ ምን ይባላል?

ለእንግዳውም የምለው አለኝ። ቃል የሁለት ወገን ዕዳ ነውና ቦታ አስይዞ ሳይመጣ የሚቀር፣ መቅረቱንም የማይናገር ሰው፣ ባዶ ባስቀረው አልጋ ልክ ሌላውን ሰው ከበር አስመልሷል። ቀብዱን ቢያጣ ሊያጉረመርም አይገባውም። ደግሞም «እኔ ማን እንደ ሆንሁ ታውቃለህ?» እያለ ዘበኛን የሚያስፈራራ እንግዳ አለ። ይህ ጥያቄ በአገራችን በብዙ በር ላይ ይሰማል። ዘበኛው ግን ማወቅ የሚገባው የእንግዳውን ማንነት አይደለም፤ ስሙ በመዝገቡ መኖሩን ብቻ ነው። ዛሬ በዚያ ጥያቄ በሩን ያስከፈተ ሰው፣ ነገ ከእርሱ የበለጠ ሰው መጥቶ በዚያው ጥያቄ ሲያስወጣው የሚከራከርበት አፍ አይኖረውም።

እንግዲህ መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ስንት ሰው በቀን እንደሚገባና ለምን እንደ ተወሰነ በበሩ ላይ ይጻፍ። የተያዙት ቦታዎች ዝርዝር እንግዳው ሊያየው በሚችልበት ስፍራ ይለጠፍ። የቀብድ ደንብ በሁለቱም ወገን ይሥራ፤ እንግዳው ቢያጎድል ይጣ፣ ፓርኩም ቢያጎድል ይክፈል። ለጠባቂው ደመወዙ በጊዜው ይሰጠው፤ ልብስና ጫማው ይሟላለት፤ በስሙና በማዕረጉ ይጠራ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው፤ የሚበዛው የሚጠይቀው ማፈርን ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ከእናንተ መካከል ነገ ጸሐፊ የሚሆን አለ፤ የበር ጠባቂ የሚሆን፣ ደንብ አውጪም የሚሆን አለ። ሰው ሁሉ በሕይወቱ አንድ ጊዜ በአንድ በር ላይ መቆሙ አይቀርም፤ አንዳንዱ ከውስጥ፣ አንዳንዱ ከውጭ። ከውስጥ በቆማችሁ ጊዜ «አይሆንም» ማለት ግድ ይሆንባችሁ ይሆናል። ለሁሉም እኩል በሉት፤ ምክንያቱን ንገሩ፤ የምትመልሱትንም ሰው ቀና ብላችሁ ዓይን ዓይኑን እያያችሁ መልሱት። በእውነትና በአክብሮት የተመለሰ ሰው ሌላ ቀን ይመጣል፤ ባይመጣ እንኳ ደኑን አያቃጥልም። በውሸትና በንቀት የተመለሰ ሰው ግን፣ አጥሩ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ ከአጥሩ ውጭ ያለ ጠላት ነው። ዛፍና አራዊት የሚጠበቁት በአጥር ብቻ አይደለምና፤ ከአጥሩ ውጭ ባለው ሰው ልብ ጭምር ነው።